ማዞርን በማዞር

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ገደማ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ውስጥ ሕሙማን ኳስ ሲጫወቱ ይታዩ ነበር። አንዱ መሐል ይቆማል፤ ሌሎቹ ዙሪያውን እየዞሩ የሚወረውርላቸውን ትልቅ ኳስ ይቀልባሉ፣ ይመልሱለታል። ተጫዋቾቹ ታዲያ ቀጥ ብሎ መሄድ የከበዳቸው ናቸው። ከፊሎቹ ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል፤ ከፊሎቹ ደግሞ የማያባራ ማዞር አስቸግሯቸው የአንድ ጎን የውስጥ ጆሯቸው በቀዶ ሕክምና ከሥራ ውጪ የተደረገ ነው።

ጨዋታው የሐኪም ትእዛዝ ነበር። የጆሮ ቀዶ ሐኪሙ ቴረንስ ካውቶርንና የአካል ተሃድሶ ሐኪሙ ኩክሲ አብረው ያወጡት መርሐ ግብር ከአልጋ ይጀምራል። ሕመምተኛው ተኝቶ ዓይኑን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሳል፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ ፈጠን እያለ። ቀጥሎ ራሱን ያዞራል። ከዚያ ተቀምጦ ጎንበስ ይልና ከወለሉ ዕቃ ያነሳል። መነሳትና መቀመጥን ዓይኑን ገልጦ ይለማመድና ጨፍኖ ይደግመዋል። ትንሽ ኳስ በጉልበቱ ሥር ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያቀብላል። ዳገት ቁልቁለቱና ደረጃው የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ሁለቱ ሐኪሞች ያስተዋሉት ነገር ቀላል ነበር፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቶሎ ተነስተው የሚንቀሳቀሱት፣ ትራስ ላይ ከተጣበቁት ቀድመው ይሻላቸዋል። ኩክሲ ሐሳቡን በ1946 (እ.ኤ.አ.፤ የሚከተሉትም እንዲሁ) በጽሑፍ አወጣው።

ይህ ከሕመምተኛው ፍላጎትም ከአስታማሚው ርኅራኄም ጋር የሚጋጭ ሕክምና ነው። ቤቱ የሚዞርበት ሰው የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን አድርቆ፣ ማንም ሳይነካው መተኛት። የኛም ቤት ልማድ ከዚህ አይለይም። «ደም አንሶት ነው» ይላል አንዱ፤ «ጨጓራ ነው» ይላል ሌላው፤ ግፊት ይለካል፣ ስኳር ይበጠበጣል፣ መጋረጃው ይዘጋል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እረፍቱ አይከፋም። ሰው የሚጎዳው ሳምንቱ ወር ሲሆን ነው።

አውሮፓውያኑም ቢሆኑ እዚህ የደረሱት በጠማማ መንገድ ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ድንገተኛ ማዞር ደም ወደ አንጎል ከመብዛት የሚመጣ፣ የስትሮክ ታናሽ ወንድም ተደርጎ ይታይ ነበር። መድኃኒቱም ደም ማፍሰስ፣ አልቅት መለጠፍና ማስቀመጥ ነበር፤ በዋግምት ከሚያምነው አያታችን ብዙም አልራቁም። በ1861 ጥር 8 ቀን ፕሮስፔር ሜኒዬር የተባለ ሐኪም ፓሪስ ባለው የሕክምና አካዳሚ ፊት ቀርቦ ይህን እምነት ተቃወመ። ሜኒዬር መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተቋም ዋና ሐኪም ስለነበር ጆሮን ከብዙዎቹ ባልደረቦቹ በላይ ያውቃል። ማዞር፣ የጆሮ ጩኸትና የመስማት መቀነስ አብረው ከመጡ ጥፋቱ ያለው አንጎል ውስጥ ሳይሆን የውስጥ ጆሮ ውስጥ ነው አለ። በማግስቱ ዓመት ሞተ፤ ስሙ ግን በበሽታው ላይ ቀረ።

ፍንጩ እዚያው ፓሪስ ውስጥ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በ1820ዎቹ ፒየር ፍሉራንስ የርግቦችን የውስጥ ጆሮ ቦዮች አንድ በአንድ እየቆረጠ ሲመለከት፣ አግድም የተኛው ቦይ የተቆረጠባት ርግብ በዚያው አቅጣጫ ትሽከረከራለች። በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ ሦስት እንዲህ ያሉ ፈሳሽ የሞላባቸው ግማሽ ክብ ቦዮች አሉ። ራስ ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያ መዘግየት የፀጉር መሰል ሕዋሶችን ያጎብጣል፤ መልእክቱ ወደ ዓይን ጡንቻዎች ይሮጣል። ራስ ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይን ከአንድ መቶኛ ሰከንድ ገደማ በኋላ በዚያው ልክ ወደ ግራ ይዞራል። እየተራመድን የሱቅ ማስታወቂያ ማንበብ የምንችለው በዚህ የተነሳ ነው።

የቪየናው ሮበርት ባራኒ ይህን በሕያው ሰው ላይ ለማየት የቻለው በአጋጣሚ ነው። ጆሯቸውን በውሃ ሲያጥብ ሕሙማኑ ያዞረናል እያሉ ያማርራሉ፤ ዓይናቸውም ይንቀጠቀጣል። አንዱ ውሃው ሲቀዘቅዝ ነው የሚያዞረኝ አለው። በሚቀጥለው ጊዜ ውሃው ከልክ በላይ ሞቀ፤ ሰውየውን እንደገና አዞረው፣ የዓይኑ መንቀጥቀጥ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ሆነ። ፈሳሹ እንደ ሙቀቱ ይወጣል ወይም ይወርዳል ማለት ነው። የ1914ቱ ኖቤል ሲሰጠው ባራኒ ሩስያ ውስጥ የጦር ምርኮኛ ነበር፤ በስዊድን ቀይ መስቀል አማላጅነት በ1916 ተፈትቶ በኋላ ኡፕሳላ ገባ።

ምርመራው እንዲህ ሲያድግ ሕክምናው ግን ቢላዋና ማስታገሻ ይዞ ቀረ። የካውቶርንና የኩክሲ ድፍረት የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። የሁለቱ ጆሮዎች መልእክት አልጣጣም ሲል አንጎል ሒሳቡን እንደገና መሥራት ይችላል፤ ነገር ግን ስህተቱ ሳይቀርብለት አያርምም። ስህተቱን የሚያቀርብለት ደግሞ እንቅስቃሴ ነው፣ ያውም የሚያዞረው እንቅስቃሴ። ለወራት የሚዋጡ የማዞር ማስታገሻ ክኒኖች ፈውሱን ሊያዘገዩ የሚችሉትም ስህተቱን ስለሚሸፍኑበት ነው። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሲሰበሰቡ ለሁለቱ ሐኪሞች መሰከሩላቸው፦ በ2015 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ 39 ጥናቶችን መርምሮ፣ የአንድ ጎን የውስጥ ጆሮ ለተጎዳባቸው ሰዎች ልምምዱ ጉዳት የማያስከትልና የሚረዳ መሆኑን አረጋግጧል።

ሁሉም ማዞር ግን በልምምድ አይመለስም፤ አንዱ ዓይነት ሕክምናው በደቂቃዎች የሚያልቅ ነው። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ቀና ብለው መደርደሪያ ሲያዩ ለአጭር ጊዜ የሚያሽከረክረውን ማዞር ለንደን ውስጥ በ1952 በደንብ የገለጹት ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሃልፓይክ ናቸው። ዲክስ በጦርነቱ ጊዜ በአየር ድብደባ ፊቷ ተጎድቶ የቀዶ ሕክምና ሙያዋን የተወች ሴት ነበረች። በ1969 ቦስተን የነበረው ሃሮልድ ሹክኔክት ጥፋቱ ከቦታቸው በተነቀሉ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች የተነሳ ነው አለ።

ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ይሠራ የነበረው ጆን ኢፕሊ ታዲያ የውስጥ ጆሮን ቅርጽ በፕላስቲክ ቱቦ ሠርቶ እነዚህ ጠጠሮች እንዴት እንደሚንከባለሉ ማጥናት ያዘ። ጠጠሩ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ራስን በቅደም ተከተል እያዘነበሉ ማስወጣት ይቻላል። ሕመምተኛው ተቀምጦ ፊቱን ወደ ታመመው ጎን በ45 ዲግሪ ያዞራል፤ እንደዚያው በጀርባው ሲጋደም ራሱ ከአልጋው ጠርዝ በታች ይንጠለጠላል። ማዞሩ ይነሳል፤ ይጠበቃል። ሲበርድ ራሱ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል፤ ከዚያ አካሉም ተከትሎ ፊቱ ወለሉን እስኪያይ ይገለበጣል፤ በመጨረሻ ይቀመጣል። ኢፕሊ ይህን በ1980 ለሙያ ባልደረቦቹ ሲያሳይ ተሳለቁበት፤ ጽሑፉ የታተመው በ1992 ነው። በመሐሉ በ1988 አላን ሴሞን የተባለ ፈረንሳዊ ፊዚዮቴራፒስት የራሱን ፈጣን ዘዴ ከባልደረቦቹ ጋር አሳትሟል። በእኔ ግምት የኢፕሊ ትልቁ ጥፋት ዘዴው ርካሽ መሆኑ ነበር፤ ቢላዋ የለው፣ ክኒን የለው፣ ጠቅላላ ዕቃው አንድ አልጋ።

ወደኛ አገር ስንመጣ ጉዳዩ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ይያያዛል። ስትሬፕቶማይሲን ኢትዮጵያ ውስጥ ለረጅም ዓመታት በየቀኑ ሲወጋ የኖረ የቲቢ መርፌ ነው። ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን የሁለቱንም ጆሮዎች የሚዛን ሕዋሳት ያጠፋል። እንዲህ ያለው ሰው አይሽከረከርም፤ ዓለሙ ነው የሚዘልበት። በ1952 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በዚሁ መድኃኒት የደረሰበትን በሕክምና መጽሔት ላይ ሲተርክ፣ መጽሐፍ ለማንበብ ራሱን ከአልጋው ራስጌ ብረቶች መካከል አስገብቶ ማስደገፍ ነበረበት፤ አለበለዚያ የገዛ ልቡ ትርታ ፊደሎቹን ያስዘልልበታል።

እንዲህ ላለው ሰው ወደ ቦታው የሚመለስ ጠጠር የለም። ያለው አማራጭ ዓይኑንና የእግሩን ስሜት በጠፋው ጆሮ ፈንታ ማሠልጠን ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ግድግዳ ላይ አንድ ፊደል ይለጥፋል፤ ሕመምተኛው ፊደሉን እያየ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል፤ ፊደሉ ሲደበዝዝ ፍጥነቱን ቀነስ፣ ሲጠራ ጨመር ያደርጋል። መጀመሪያ ተቀምጦ፣ ቀጥሎ ቆሞ፣ ቀጥሎ ስፖንጅ ላይ ቆሞ፣ ከዚያ እየተራመደ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያስተምራል፤ ሕዝቡ ግን ሙያቸውን የሚያውቀው በስብራት፣ በወገብ ሕመምና በስትሮክ ነው። ሲመሽ በግድግዳ ተደግፈው ወደ ጓሮ የሚወጡት የቀድሞ የቲቢ ሕመምተኞች «እርጅና ነው» ተብለው ይታለፋሉ፤ ፊደል ለጥፎ ራስን ማወዛወዝ ሕክምና መሆኑን የነገራቸው የለም።