ራቨንስታይንና የፍልሰት ሕጎች



ሰው ከተወለደበት ቀዬ ለምን እንደሚነሣና ወዴት እንደሚሄድ በግምት የሚናገር ብዙ ነው። ነገሩን በቁጥር መርምረው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ግን ራሱ ከአገሩ የወጣው ኤርንስት ጌኦርግ ራቨንስታይን ነው።

ራቨንስታይን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1834 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ተወልዶ በ1852 ወደ ለንደን ተሻገረ። ከ1855 ጀምሮ በእንግሊዝ የጦር ሚኒስቴር በካርታ ሥራ አገለገለ። ከካርታውም ጋራ ብዕሩን አላሳረፈም፤ በ1861 ሩሲያውያን በአሙር ወንዝ ዳርቻ ስለ መስፈራቸው መጽሐፍ አወጣ።

ዋናው ሥራው ግን የተገኘው ሌላው ሰው አሰልቺ ነው ብሎ ከሚያልፈው ሠንጠረዥ ነው። በ1881 በብሪታንያ የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሰው የተወለደበትን ስፍራ ይመዘግብ ነበር። ራቨንስታይን የትውልዱን ስፍራ ከተቆጠረበት ስፍራ ጋራ አስተያየና በ1885 «የፍልሰት ሕጎች» በሚል ርእስ ለስታቲስቲክስ ማኅበር አቀረበ።

ፍልሰት ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው መርከብና ውቅያኖስ ነው። እርሱ ያገኘው ግን አብዛኛው ተጓዥ ከቤቱ ብዙ እንደማይርቅ ነው። በከተማው አጠገብ ያለው ገጠሬ ወደ ፋብሪካው ሲገባ፣ እርሱ የለቀቀውን ስፍራ ከወዲያኛው መንደር የመጣ ይይዘዋል፤ የዚያኛውንም ደግሞ ከዚያ የራቀው ይተካዋል። እንዲህ እየተቀባበለ የከተማው ስበት እስከ አገሪቱ ዳርቻ ይደርሳል። ሄያጅ ባለበትም ሁሉ፣ ቍጥሩ ቢያንስም፣ ተመላሽ አለ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን በአጭር ርቀት ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በብዛት መጓዛቸው ነው፤ የሚሄዱትም ለቤት ሠራተኝነት ብቻ ሳይሆን ለፋብሪካ ሥራም ጭምር ነበር።

ጽሑፉ በተነበበበት ጉባኤ፣ ይህ ሁሉ ሕግ ሊባል አይገባም ያለ ተከራካሪ አልታጣም። በእኔም አስተያየት ልማድ ቢባል ይሻል ነበር፤ ቆጠራው መነሻውንና መድረሻውን እንጂ በመካከል ያለውን መንገድ አያሳይምና። ራቨንስታይን ግን ነገሩን አልተወውም። በ1889 ምርመራውን ከሃያ ወደሚበልጡ አገሮች አሰፋ። ክፉ ሕግ፣ ከባድ ግብርና የማይስማማ አየር ሰውን እንደሚያስለቅቁ አልካደም፤ ሆኖም ኑሮን ለማሻሻል ካለው ምኞት ጋራ የሚተካከል ምክንያት አላገኘም።

በ1913 በተወለደበት በጀርመን አገር ዐረፈ። አሜሪካዊው ኤቨረት ሊ በ1966 ስለ ፍልሰት አዲስ አሳብ ሲያቀርብ መነሻ ያደረገው እነዚያኑ የ1885 እና የ1889 ጽሑፎች ነው።