ገና፦ በዓል ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሻገረው እንዴት ነው?

በኢትዮጵያና በኤርትራ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የኢየሱስ ክርስቶስ ልደት የሚከበረው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ 'ገና' የሚባለው ይህ በዓል ከሃይማኖታዊ ትርጉሙ ጋር የቤተሰብ በዓልም ነው። ትልልቅ ሰዎች የልጅነት ገናቸውን አስታውሱ ቢባሉ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣላቸው የሽንኩርቱ ቁሌት ሽታ፣ በወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማ፣ እንቅልፍ እያንገላጃቸው በእናታቸው ነጠላ ሥር ያሳለፉት የቤተ ክርስቲያን ሌሊት ነው።

ዛሬ ግን ገናን በሌላ መልክ የሚያውቁ ልጆች በርካታ ናቸው። አያቶች ሩቅ ናቸው፤ ቤቱ በፎቅ ላይ ያለ ጠባብ አፓርታማ ነው፤ ወጡ ተሠርቶ ከውጭ ይገዛል፤ ከአገር ውጭ ደግሞ ዕለቱ ተራ የትምህርትና የሥራ ቀን ሆኖ ይውላል። ታዲያ በዓሉ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሻገረው በምን መንገድ ነው?

ቀኑ ለምን ተለየ?

ከአገር ውጭ የሚያድግ ልጅ 'የእኛ ገና ለምን ዘገየ?' ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ በዘመን አቆጣጠር ውስጥ ይገኛል። በ1582 እአአ የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ የቀድሞውን የዩልዮስ አቆጣጠር ሲያሻሽሉ በርካታ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ለውጡን አልተቀበሉም። የኢትዮጵያ አቆጣጠር የራሱ ወራትና የራሱ የዓመት ቁጥር ቢኖረውም በየ4 ዓመቱ ያለማቋረጥ አንድ ቀን የሚጨምርበት ሥርዓት ከዩልዮስ አቆጣጠር ጋር ይመሳሰላል። በዩልዮስና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ዛሬ 13 ቀናት ደርሷል። በዲሴምበር 25 ላይ 13 ቀናት ሲጨመሩ ጃንዋሪ 7 ይሆናል።

ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ግን በዚያም ዓመት ከጃንዋሪ 7 አይወጣም። ይህም ቢሆን ለዘለዓለም የሚቆይ አይደለም። 2100 እአአ በጎርጎርዮሳዊው ስሌት ፌብሩዋሪ 29 የማይኖረው ዓመት ስለሆነ፣ ከ2101 ጀምሮ በዓሉ ወደ ጃንዋሪ 8 ይሸጋገራል። ዛሬ የሚወለዱ ልጆች በእርጅናቸው ይህን ለውጥ ሊያዩ ይችላሉ።

በአካባቢው ሁለቱም ቀኖች ይታወቃሉ። የግብጽ ኮፕት ክርስቲያኖች ልደትን የሚያከብሩት በጃንዋሪ 7 ነው። በኬንያ፣ በዩጋንዳ፣ በታንዛኒያና በደቡብ ሱዳን ዲሴምበር 25 የሕዝብ በዓል ነው። በኤርትራ ሁለቱም ዕለታት በሕዝብ በዓልነት ተመዝግበዋል። ይህን የሚያውቅ ወላጅ የልጁን ጥያቄ 'እኛ እንዲህ ነን' ብሎ ከመዝጋት ይልቅ የቤተሰቡን ታሪክ ለመተረክ በር ሊያደርገው ይችላል።

ከጾም እስከ ማዕድ

የገና ዝግጅት የሚጀምረው በጾም ነው። ጾመ ነቢያት የሚባለው ይህ ጾም ከኅዳር አጋማሽ ተነሥቶ እስከ በዓሉ ዋዜማ ከ40 ቀናት በላይ ይዘልቃል። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከማዕድ ይርቃሉ። በቤተ ክርስቲያኒቱ ልማድ ልጆች መጾም የሚለማመዱት ከ7 ዓመታቸው ጀምሮ ነው። ገና ሕፃን የሆነው ልጅ ባይጾምም ቤቱ አንድ ነገር እየጠበቀ መሆኑን ያያል።

ቀጥሎ የእጅ ሥራው ይመጣል። ጠላው ከቀናት በፊት ይጠነሰሳል። የድፎ ዳቦው ሊጥ ይቦካል፤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎም ይጋገራል። ዶሮ ወጥ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ዶሮው በልማድ 12 ብልት ይወጣለታል፤ ሽንኩርቱ ለሰዓታት ይቁላላል፤ በርበሬው፣ ንጥር ቅቤውና ቅመሙ በየተራቸው ይገባሉ፤ የተቀቀለው እንቁላል በመጨረሻ ይጨመራል። ማዕድ ሲቀርብም ብልቱ እንደ ሰዉ ይደለደላል፤ 'ፈረሰኛ' የሚባለው በልማድ ለአባወራው ይወጣል። ልጅ ይህን ድልድል አይቶ በቤቱ ውስጥ ማን ምን ቦታ እንዳለው ይረዳል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለልጅ የሚሆን ሥራ አይጠፋም። ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ የተቀቀለ እንቁላል መፈልፈል፣ ቄጠማ መጎዝጎዝ፣ ለእንግዳ የእጅ ውኃ ማስታጠብ፣ ዳቦ ይዞ ወደ ጎረቤት መሄድ በብዙ ቤት የልጆች ድርሻ ነው። ጎረቤት ሙስሊም ሲሆን ሥጋው ሳይሆን ዳቦው እንደሚላክ የሚያውቀውም የተላከው ልጅ ነው። አብሮ መኖር ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ በዚያ አጭር መንገድ ይማራል።

የእረኞቹ ጨዋታ

ገና የበዓሉ ብቻ ሳይሆን የጨዋታም ስም ነው። ጨዋታው ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር ወይም ጥንግ የሚባለውን ድብልብል ነገር እየመቱ ወደ ተጋጣሚ ወገን የሚያሻግሩበት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው የክርስቶስን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በዱላቸው ተጫውተዋል፤ የጨዋታው መነሻም ይኸው ነው። በዚያ ዕለት ጌታና ሎሌ አብረው ስለሚጫወቱ፣ ጌታ ቢመታም ሆነ ቢሸነፍ መቆጣት ነውር ነበር።

በገጠር ልጆች ዱላውን ከጫካ መርጠው፣ ቆርጠውና አቃንተው ያዘጋጁታል። ስለዚህ ጨዋታው ከዕለቱ በፊት ይጀመራል ማለት ይቻላል። በአዲስ አበባ ጃንሜዳ የሚታወቅ የገና መጫወቻ ስፍራ ነው። ጨዋታው ሕግ ወጥቶለት በአገር አቀፍ የባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥም ተካትቷል። ይህ ጨዋታው እንዳይጠፋ ይረዳል፤ ሜዳ በጠፋባቸው የከተማ ሰፈሮች ግን ገናን በቴሌቪዥን እንጂ በእጁ ዱላ ይዞ የማያውቀው ልጅ ብዙ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ሌሊት

የበዓሉ ዋና ክፍል ሌሊት ይፈጸማል። ምእመናን ነጭ ለብሰው በዋዜማው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ማኅሌቱና ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ጾሙ ይፈታል። በላሊበላ በዓሉ ተደራቢ ትርጉም አለው፤ የንጉሥ ላሊበላ ልደትም በዚሁ ዕለት ይታሰባል። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የዐለት አጥር ላይና ከሥሩ ተሰልፈው የሚያቀርቡት 'ቤዛ ኵሉ' የተሰኘ ዝማሬ በየዓመቱ ከሩቅ ጭምር በርካታ ምእመናንን ይስባል። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በ1978 እአአ የተመዘገቡት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ለዘመናት የቆዩት በዐለቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ዜማውን በቃል ተምሮ ለተከታዩ የሚያስተምር ትውልድ በየዘመኑ ስለነበረም ነው።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

በቤተሰብ ልማዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከዚህ የቆየ ልምድ ጋር የሚስማማ ነገር አግኝተዋል። በ2002 እአአ ባርባራ ፊሴና ባልደረቦቻቸው 'ጆርናል ኦፍ ፋሚሊ ሳይኮሎጂ' በተባለ የሥነ ልቦና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ የ50 ዓመታት ምርምሮችን ገምግመዋል። በግምገማቸው የቤተሰብ ልማዶችና ሥርዓቶች ከልጆች ደኅንነትና ከቤተሰብ መረጋጋት ጋር እንደሚያያዙ አመልክተዋል። ጸሐፊዎቹ የዘወትር ተግባርንና ሥርዓትን ይለያሉ። የዘወትር ተግባር መደረግ ያለበትን የሚያስፈጽም ሲሆን፣ ሥርዓት ግን የቤተሰቡን ማንነት የሚናገር ነው።

በአሜሪካ የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ ደግሞ ልጆች ስለ ቤተሰባቸው ምን ያህል እንደሚያውቁ የሚለካ 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አዘጋጅተዋል። አያቶችህ የት አደጉ? ወላጆችህ የት ተዋወቁ? የሚሉ ይገኙበታል። ብዙውን የመለሱ ልጆች ለራሳቸው የተሻለ ግምት እንዳላቸው ተስተውሏል። ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት ልጅን የሚያጠነክረው መረጃውን መሸምደዱ አይደለም። መልሱን ማወቁ በዚያ ቤት ሰዎች አብረው ተቀምጠው እንደሚነጋገሩ ያመለክታል።

ከዚህ አንጻር ሽንኩርት ለሰዓታት የሚቁላላበት ወጥ ቤት የወሬ ጊዜም ነው። እናት ወይም አክስት የራሷን እናት ወጥ አሠራር፣ የተሰደደውን አጎት፣ በጉ ያመለጠበትን ዓመት የምታነሣው እጇ ሥራ ላይ ሳለ ነው። ወጡ ተገዝቶ ሲመጣ ጣዕሙ ላይጓደል ይችላል፤ የሚጓደለው ታሪኩ ይነገርበት የነበረው ጊዜ ነው።

ልማዱን የሚፈትነው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ፈተና ኑሮ ነው። በበዓል ሰሞን የዶሮ፣ የእንቁላልና የቅቤ ዋጋ ይንራል። ብዙ ቤተሰቦች ለዚህ የቆየ መፍትሔ አላቸው፤ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ በመግዛት በእኩል የሚካፈሉበት ቅርጫ ነው። ቅርጫ ሥጋን ብቻ አያከፋፍልም፤ መደቡ ሲደለደልና ዕጣ ሲወጣ ቆሞ የሚያይ ልጅ ፍትሐዊ ድርሻ ምን እንደሆነ ያያል።

ሁለተኛው የገበያው በዓል ነው። በከተሞች ሰው ሠራሽ የገና ዛፍ፣ መብራትና የገና አባት ምስል የበዓሉ አካል ሆነዋል። እነዚህ ከውጭ የመጡ ቢሆኑም ልጆች ይወዷቸዋል። ዛፉን መከልከል የግድ አይደለም፤ ጥያቄው ልጁ ከዛፉ ሌላ በገና ምን ሥራና ምን ታሪክ እንዳለው ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ መለያየት ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ለ20 ዓመታት ያህል ተዘግቶ፣ የስልክ መስመርም ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ በሁለቱ ወገን የሚገኙ ዘመዳሞች አንዱን በዓል በአንድ ቀን እያከበሩ እንኳን አደረሳችሁ መባባል አልቻሉም። በጦርነትና በመፈናቀል ቀዬአቸውን የለቀቁ ቤተሰቦችም በዓሉን የሚያከብሩት ያለ ሞሰብ፣ ያለ ጎረቤትና ብዙ ጊዜ ያለ አያት ነው።

ከአገር ርቆ

በአሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ ጃንዋሪ 7 የሥራ ቀን ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ አብያተ ክርስቲያናት የሌሊቱን ሥርዓት በዚያም ይፈጽማሉ፤ ወላጆች ግን በማግስቱ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ለመላክ ወይም ለማስቀረት መወሰን አለባቸው። በአሜሪካ በብዙ ትምህርት ቤቶች ወላጅ አስቀድሞ ካሳወቀ ለሃይማኖታዊ በዓል መቅረት እንደ ተፈቀደ ይቆጠራል። ኮባ በሌለበት ድፎ ዳቦ በምድጃ ውስጥ በፎይል ተሸፍኖ ይጋገራል፤ ቄጠማ በሌለበትም ሌላ ለምለም ሣር ይተካዋል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ በርካታ እናቶች ደግሞ ልጆቻቸውን በአገር ቤት ለአያት ትተው የሄዱ ናቸው። ከእነሱ ወደ ቤት የሚሄደው የበግ መግዣው ገንዘብና በስልክ የሚሰማው ድምፅ ነው። በዚህ ጊዜ ልማዱን የምታስተላልፈው አያት ናት፤ እናት ደግሞ ሩቅ ሆና ትሳተፋለች።

በኬንያ በዲሴምበር ወር የሚታየው ጉዞ ከዚህ ጋር ይነጻጸራል። የናይሮቢ ነዋሪዎች በዓሉን ለማክበር ወደ ትውልድ መንደራቸው ስለሚጎርፉ የአውቶቡስ ዋጋ ይጨምራል። በከተማ የተወለዱ ልጆች የአያታቸውን ቋንቋና የቤተሰቡን መቃብር የሚያዩበት ጊዜም ይኸው ነው። መሄድ ለሚችል ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

ወላጆች ምን ማድረግ ይችላሉ?

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች አራት ተግባራዊ ነገሮች ይወጣሉ።

ለልጁ ቋሚ ሥራ መስጠት፦ በየዓመቱ የእሱ ብቻ የሆነ ሥራ ያለው ልጅ በዓሉ ያለ እሱ እንደማይሟላ ያውቃል። ቄጠማ መጎዝጎዙም ሆነ ለአያት ስልክ መደወሉ ሥራ ነው። ወንድ ልጅንም ወጥ ቤት ማስገባት ባለሙያው ሲያልፍ ሙያው አብሮ እንዳይቀበር ይረዳል።

ምክንያቱን መናገር፦ ለምን ታኅሣሥ 29? ለምን 12 ብልት? ለምን ነጭ ልብስ? ምክንያቱን የሚያውቅ ልጅ ሲጠየቅ ይመልሳል፤ የማያውቅ ያፍራል።

የአረጋውያንን ድምፅ መቅዳት፦ አያት የወጡን አሠራር ወይም የልጅነት ገናዋን ስትናገር በስልክ መቅዳት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። አያት ካለፈች በኋላ ግን በምንም ገንዘብ አይገኝም።

ትንሹን መምረጥ፦ ሁሉን ለማድረግ አቅም ወይም ጊዜ የሌለው ቤተሰብ አንድ ነገር መርጦ በየዓመቱ ቢደግመው ይበቃል። ለልጅ ትዝታ የሚሆነው የድግሱ ትልቅነት ሳይሆን በየዓመቱ መደጋገሙ ነው።

ልጆች ከወረሱት ውስጥ የሚተዉት፣ የሚለውጡት ወይም የሚጨምሩት ነገር ይኖራል። የዛሬዎቹ ወላጆችም ከወላጆቻቸው የተቀበሉትን በሙሉ አልያዙትም። ይሁንና ልጅ መያዝ ወይም መተው የሚችለው አስቀድሞ በእጁ የተሰጠውን ነው፤ መስጠቱም ታላላቆቹ በሕይወት ሳሉ የሚፈጸም ነው።