ቅሪቱን መመርመር፦ ሁለት የድምፅ ፍሰቶችን በማነጻጸር የኮድ ስህተትን ስለ ማግኘት

የድምፅ ማቀነባበሪያ ኮድ ሲሳሳት ብዙ ጊዜ ሥራውን አያቆምም፤ የስህተት መልእክትም አያወጣም። ድምፅ ማሰማቱን ይቀጥላል፤ የሚሰማው ግን መሰማት የነበረበት አይደለም። ስለዚህ ፕሮግራመሩ ትክክለኛነቱ የታመነ ማጣቀሻ ይዞ የኮዱን ውጤት ከእርሱ ጋር ማስተያየት ይኖርበታል። ሁለቱን ፋይሎች ቢት በቢት ማመሳከር መለያየታቸውን እንጂ ለምን እንደተለያዩ አይነግርም። ከማጣቀሻው ላይ ውጤቱን ናሙና በናሙና ቀንሶ የተረፈውን፣ ማለትም ቅሪቱን፣ መመርመር ግን ስህተቱ የት እንዳለ ያመለክታል።

ቅነሳው ትርጉም የሚኖረው ሁለቱ ፍሰቶች በጊዜ ከተገጣጠሙ በኋላ ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና ባለው ድምፅ ላይ አንዱ ቅጂ በአንዲት ናሙና ብቻ ቢዘገይ፣ በ1,000 ሄርትዝ ላይ የሚቀረው ቅሪት ከዋናው በ17 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ያንሳል። በ10,000 ሄርትዝ ላይማ ከዋናው ራሱ በ2 ዴሲቤል ያህል ይበልጣል። ጆሮ የማይለያቸው ሁለት ቅጂዎች በስሌት ፈጽሞ የማይገናኙ ይመስላሉ። እንዲህ ያለው መዘግየት ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሌም በተባለው ኢንኮደር የታመቀ ኤምፒስሪ ሲፈታ፣ ማካካሻ ካልተደረገለት መነሻው አብዛኛውን ጊዜ በ1,105 ናሙና፣ ማለትም በ25 ሚሊ ሰከንድ፣ ይገፋል።

የመዘግየቱን መጠን ለማወቅ አንዱን ፍሰት በሌላው ላይ እያንሸራተቱ ተዛምዶው የሚበረታበትን ነጥብ መፈለግ ይገባል። ኩሊ እና ቱኪ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት ፈጣን የፉሪዬ ስሌት ይህን ሥራ ለረጅም ቅጂ እንኳ ቀላል አድርጎታል። ለሙከራ የሚመረጠው ድምፅ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱን ስልት እየደጋገመ የሚሄድ የክራር ድርደራ እኩል የሚመስሉ በርካታ ጫፎች ስለሚሰጥ ኮዱ የተሳሳተውን ሊመርጥ ይችላል፤ የማይደጋገም ንግግር ወይም ሹክሹክታ መሰል ነጭ ጫጫታ ይሻላል።

ከተገጣጠሙ በኋላ ቅሪቱ እንደ ስህተቱ ዓይነት ይለያያል። በ90 ዴሲቤል የደከመ፣ ነገር ግን ዋናውን ሙዚቃ ራሱን የሚመስል ቅሪት ከተሰማ፣ አንዱ ኮድ ባለ16 ቢት ናሙናዎቹን በ32,768፣ ሌላው በ32,767 እያካፈለ ሊሆን ይችላል። በጣም ደካማና ወጥ ጫጫታ ከሆነ ደግሞ ዲዘር፣ ማለትም ሆን ተብሎ የሚታከል ደካማ ጫጫታ፣ በመጨመሩ ሊሆን ስለሚችል ስህተት ላይኖር ይችላል።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው የበፈር፣ ማለትም ናሙናዎች ተራ እስኪደርሳቸው በጊዜያዊነት የሚቀመጡበት ማከማቻ፣ ጉዳይ ነው። በሰከንድ 48,000 ናሙና በሚያስተናግድ ኮድ ላይ የ512 ናሙና በፈር 10.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይይዛል። ቅሪቱ ዜሮ ሆኖ ቆይቶ ለ512 ናሙናዎች ከማጣቀሻው ጋር እኩል ከሆነና ተመልሶ ዜሮ ከገባ፣ ኮዱ መረጃው በሰዓቱ ስላልደረሰለት በቦታው ዝምታ ጽፏል። ከዚያ ነጥብ በኋላ ወደ ዜሮ ካልተመለሰስ? ተዛምዶው ለቀሪው ክፍል እንደገና ይሰላ፤ ውጤቱ በ512 ናሙና ቀድሞ ከተገኘ አንድ በፈር ጠፍቷል፣ ዘግይቶ ከተገኘ አንዱ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። በጆሮ ሦስቱም «ቷ» የምትል አንዲት ድምፅ ብቻ ናቸው፤ ጥገናቸው ግን በተለያየ የኮድ ክፍል ነው።

ልዩነቱ በድንገት ሳይዘል ቀስ በቀስ የሚሰፋ ከሆነ ጥፋቱ የሰዓት ነው። ሁለት የድምፅ ካርዶች ሰዓታቸው በሚሊዮን 50 ያህል ቢለያይ፣ በአንድ ሰዓት ቅጂ ውስጥ 0.18 ሰከንድ ይራራቃሉ። መፍትሔው መዘግየቱን በየአጭር ክፍሉ መለካትና የናሙና ፍጥነቱን በዚያው ልክ ማስተካከል ነው።

መረጃ ለሚቀንስ አመቃ ይህ ዘዴ ገደብ አለው። ኤምፒስሪ ጆሮ የማይሰማውን ሆን ብሎ ስለሚጥል፣ ከዋናው ጋር ሲነጻጸር ቅሪቱ ጎልቶ ይሰማል፤ ይህን ጥራት ለመመዘን ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ጆሮን የሚመስል መለኪያ ይሻላል። የዲኮደር ስህተት ሲፈለግ ግን ማጣቀሻው ያንኑ የታመቀ ፋይል የፈታ ሌላ የታመነ ዲኮደር ይሁን፤ የኤምፔግ መስፈርት ለሙሉ ትክክለኛነት የሚፈቅደው ልዩነት በየትኛውም ናሙና ላይ በ16 ቢት ልኬት ከሁለት እርከን አይበልጥም።