የጫጫ ሰማይ ሲጠራ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምተርክላችሁ ጫጫ ላይ ስላደርኩበት አንድ የኅዳር ሌሊት ነው።

ጫጫን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን አስፋልት ያዙ፤ ደብረ ብርሃን ለመግባት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራችሁ ታገኟታላችሁ። ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሜዳ ነው፤ የገብስ፣ የባቄላና የበግ አገር። ያሳደሩኝ ሽማግሌ ማሳ ከጓሯቸው ተነስቶ ቁልቁል እስከ ረባዳው ይወርዳል። ያን ዓመት ባቄላ ዘርተውበት እሸት ይዟል።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሽማግሌው ደጅ ቆመው ሽቅብ አዩ። ደመና የሚባል የለም፤ ነፋሱም ጸጥ ብሏል።

«ዛሬስ ይወርዳል» አሉ።

«ምኑ ነው አባባ?»

«ውርጩ ነዋ ልጄ! ሰማዩ እንዲህ ሲጠራ አይምርም።»

እኔ ስለ አየር ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ብዙ ገጽ የፈጀ ነገር በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሲነገር ስሰማ ደነገጥኩ።

ገባን። እራታችን የባቄላ ንፍሮ ነው፤ ከተጣደ ቆይቷል፣ አልበስል ብሏል። ጫጫ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ከአየሩ ክብደት ከሩብ የሚበልጠው ከእኛ በታች፣ በቆላው በኩል ቀርቷል፤ የተረፈው ድስቱን የሚጫነው በቀላሉ ነው። ሳምባችንም በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ያንሳል። የአየሩ ድብልቅ ግን ቆላም ውረዱ ደጋም ውጡ ያው ነው። እርጥበቱን ለይተን እንደ እህል በቁና ብንሰፍረው፣ ከ100 ቁና 78ቱ ናይትሮጅን፣ 21 ያህሉ ኦክስጅን ይሆናል። ከምትቀረው አንዲት ቁና አብዛኛው አርጎን ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለማግኘት 10,000 ቁና መስፈር አለባችሁ፤ ያኔም የምታገኙት ከአራት ብዙም አይበልጥም። ከፋብሪካው ዘመን በፊት ሦስትም አይሞላም ነበር።

ንፍሮውን እየቆረጠምኩ ይህን ሳወራቸው፣ ሽማግሌው ናይትሮጅን ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። እጃቸው ላይ ያለውን ባቄላ አሳየኋቸው። ከሰማይ 78 እጅ የሆነው ይህ ጋዝ ቢሞላም ሰብል አይበላውም፤ ገብሱ ውስጡ ቆሞ ይራባል። ባቄላ ግን ሥሩ ላይ ባክቴሪያ ያስጠጋል፤ ባክቴሪያው ጋዙን ወደ ምግብ ይለውጥለታል። እሳቸው ይህን በሌላ ቋንቋ ያውቁታል፦ ባቄላ የቆመበት መሬት ለከርሞ ገብስ ይሰጣል።

እኩለ ሌሊት ላይ ብርዱ ቀሰቀሰኝ። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ከዋክብቱ እጅ የሚነኩ ይመስላሉ።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ የታሪኩ እምብርት ይኼ ነውና። መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት በማይታይ ጨረር ወደ ላይ ትመልሳለች። መንገድ ላይ ማን ያስቆመዋል? 78ቱ ቁና ናይትሮጅን አያስቆመውም። 21ዱ ኦክስጅንም ያሳልፈዋል። የሚይዙት እነዚያ ከቁና የማይቆጠሩት ናቸው፤ የውኃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና መሰሎቻቸው። ይህን አየርላንድ ተወልዶ ለንደን ይሠራ የነበረው ጆን ቲንዳል እ.ኤ.አ. በ1859 በሙከራ አሳየ። ጋዞቹን አንድ በአንድ ቱቦ ውስጥ እየሞላ ሙቀት አሳለፈባቸው፤ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ምንም ያህል አልያዙለትም፣ ተኑ ግን አጥብቆ ያዘ። በኋላም የውኃ ተን ከእንግሊዝ አየር ለአንዲት የበጋ ሌሊት እንኳ ቢጠፋ ውርጭ አትክልቱን ይፈጀዋል ሲል ጻፈ። የጫጫ ገበሬ ያንን ሌሊት በየዓመቱ ያየዋል። በክረምት ደመናውና ተኑ እንደ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሜዳውን ሸፍነው ያድራሉ። ኅዳር ላይ ደረቅ አየር ሲነግሥ ብርድ ልብሱ ይገፈፋል፤ ከፍታው ደግሞ የአየሩን ሽፋን ቀድሞውኑ አሳስቶታል። ሙቀቱ ያለ ከልካይ ይሄዳል።

ሊነጋ ሲል ያየሁትን ልንገራችሁ። ከየቤቱ የኩበት ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣና ከዛፎቹ አናት ብዙም ሳይርቅ ጣራ እንደነካ ሁሉ ተነጥፎ ይተኛል። የቀዘቀዘው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ሆኖ ጭሱን አላሳልፍ ብሎታል። ሰማዩ ላይም ከፍ ብሎ እንዲህ ያለ ትልቅ ጣራ አለ። በእኛ አገር ኬክሮስ ከ16 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ከፍታ ድረስ አየሩ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ደመናውም ዝናቡም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ኦዞን የፀሐይን ጨረር እየጠጣ ስለሚሞቅ ሙቀቱ መልሶ ይጨምራል። የሐምሌ ነጎድጓድ ደመና አናቱ እንደ ምጣድ ሲነጠፍ ያያችሁት ያንን ጣራ ነክቶ ነው።

ፀሐይ ስትወጣ ከሽማግሌው ጋር ማሳው ወረድን። ከጓሮው በኩል ያለው ባቄላ ደህና ነው። ረባዳው ግን በአመዳይ ነጭ ሆኗል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና እንደ ውኃ ቁልቁል ፈስሶ እዚያ ተኝቷል። ሙቀት ሲነካው ቅጠሉ ጠወለገ፣ ከዚያ ጠቆረ። በውስጡ የነበረው ውኃ በረዶ ሆኖ ገላውን ቀዶታል።

ሽማግሌው ብዙ ሳይናገሩ አንዱን ነቀሉ። ሥሩ ላይ ጥቃቅን እብጠቶች ተደርድረዋል። አንዷን በጥፍራቸው ሰነጠቋት፤ ውስጧ ቀላ ያለ ነው።

«ያ ያልከው ነገር ይኼ ነው?»

«እሱ ነው አባባ።»

አፈሩን አራግፈው ሥሩን መልሰው ጣሉት። ከብቶቹ ግንዱን ይብሉት፣ ሥሩ ግን እዚያው ይቅር አሉ፤ ለከርሞ ገብስ ሊዘሩበት።