አራት ድንጋይ፣ አራት ድምጽ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። ይህን የማወራላችሁ እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ኪቦርድ ተጫዋች ነበርኩ። ሠርግ፣ ሆቴል፣ ናይት ክለብ፣ የተጠራሁበት ሁሉ እሄዳለሁ። የኔ ዘመን ሰዎች ታስታውሱታላችሁ፤ ያ ሁሉ ሳክስፎንና ትራምፔት የሚነፋ ባንድ ተበትኖ አንድ ሰው ከአንድ ኪቦርድ ጋር መድረኩን የወረሰበት ጊዜ ነው። ከበሮው ከኪቦርዱ፣ ቤዙ ከኪቦርዱ፣ ነፊዎቹም ከዚያው። ሰዉ በኛ እየጨፈረ እኛኑ ያማናል፤ «ይሄ ቁልፍ ተጫነ እንጂ መቼ ተጫወተ!» ይላል። ይህን ሐሜት ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ቨርጂኒያ ተወልዶ ያደገ ነው። የገና ጾም ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው እናቱ ደወለችልኝ።

«ወንድምዬ፣ እባክህ ከዚህ ልጅ ጋር አብረኸው ሂድልኝ። በመጫወቻ ሙዚቃ እሠራለሁ ብሎ ሆቴል ሊያመሽ ነው። አንተ የሙዚቃ ሰው ነህ፣ እብደት ይሁን ሥራ ለይተህ ትነግረኛለህ።»

መጫወቻ ያለችው ጌም ቦይን ነው፤ ያቺን በእጅ የምትያዝ የኒንቴንዶ የጌም መሣሪያ።

ከአሌክሳንድሪያ ተነስተን የውድሮ ዊልሰንን ድልድይ ተሻገርንና ሜሪላንድ ናሽናል ሃርበር ደረስን። እዚያ ጌይሎርድ ናሽናል የሚባል ትልቅ ሆቴል አለ፤ ማግፌስት የተሰኘው የሙዚቃና የጌም ፌስቲቫል ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው እሱ ውስጥ ነው። በ2002 ሮአኖክ በምትባል የቨርጂኒያ ከተማ በትንሹ የተጀመረ ነገር ነው፤ አሁን ግን ቀንና ሌሊት ሳይለይ ቀናት ይዘልቃል። እኔ ኮንሰርት ነው ብዬ ኮቴን አሳምሬ ለብሻለሁ። አሳንሰር ውስጥ በቀኜ ባለ ቀይ ቆቡ የጌም ሰው ማሪዮ ቆሟል፤ በግራዬም ማሪዮ ቆሟል፣ የግራዋ ሴት ናት። ሁለቱም ኮቴን አይተው «አንተ ደግሞ የየትኛው ጌም ሰው ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። ልጁ ሳቁን መያዝ አቅቶት ጀርባውን ሰጠኝ።

ቺፕቲዩንን፣ ማለትም በድሮ ጌም መሣሪያዎች የድምጽ ቺፕ የሚሠራውን ሙዚቃ፣ የሚጫወቱት ቺፕስፔስ ብለው በሰየሙት ቦታ ነው። ተራችን እስኪደርስ ልጁን ጥግ ይዤ፣ «በል አምጣት፣ ልያት» አልኩት። ከቦርሳው አወጣልኝ። በ1989 የወጣችው፣ ያቺ ግራጫዋ ጡብ የምታህለዋ ጌም ቦይ ናት። ሆዷን ከፍቶ ከስክሪኗ ጀርባ መብራት ገጥሞላታል፤ ከድምጽ መቆጣጠሪያዋም ገመድ ስቦ በጎኗ መውጫ ሠርቶላታል፣ ድምጿ ሳይታፈን በቀጥታ ወደ ሚክሰር እንዲሄድ። የምትሠራው በአራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን አዲስ ገዝታ ኪሱ የከተተችለት ደግሞ ያቺው እብደት ይሁን ሥራ ለይልኝ ያለችኝ እናቱ ናት።

«ስንት ድምጽ አላት?» አልኩት።

«አራት፣ ጋሼ።»

አራት! የኔ ኪቦርድ በአንድ ቁልፍ ብቻ አንድ ኦርኬስትራ ያወጣ ነበር። ከአራቱ ሁለቱ ዜማ የሚይዙ ሹል ድምጾች ናቸው፤ ቀጠን ወይም ወፈር ይደረጋሉ እንጂ ባሕርያቸው አይለወጥም። ሦስተኛው ሞገዱን ራስህ በ32 ነጥብ የምትስልለት ነው፤ ብዙዎቹ ቤዝ ያደርጉታል። አራተኛው ሽሽሽ ከማለት በቀር ሌላ አያውቅም፤ ስኔሩም ጸናጽሉም ከሱ ተቆርጦ ይወጣል። ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ምት የለ። ደግሞ ልብ በሉ፣ እያንዳንዱ ድምጽ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ ኖታ ብቻ ነው።

«ታዲያ ኮርድ ከየት ታመጣለህ?» ብዬ አፋጠጥኩት።

ስክሪኑን ወደኔ አዞረው። የሙዚቃ ጽሑፍ አይመስልም፤ ፊደልና ቁጥር ቁልቁል ተደርድሯል። ይህ ሊትል ሳውንድ ዲጄ የተባለው፣ ዮሐን ኮትሊንስኪ የሚባል ስዊድናዊ የሠራው ፕሮግራም ነው፤ ከ2000 ወዲህ የጌም ቦይ ሙዚቀኞች ዋና መሣሪያ ሆኗል። ልጁ አንድ ኖታ አጠገብ «ሲ 37» ብሎ ጻፈና አጫወተው። ከመነሻው ኖታ ሦስት ግማሽ ድምጽ ከፍ በል፣ ቀጥሎ ሰባት ግማሽ ድምጽ፣ ከዚያ ተመለስ፣ እያልክ ዙር ማለት ነው። ሦስቱ ኖታዎች ጆሮ ነጥሎ ሊይዛቸው በማይችልበት ፍጥነት ይፈራረቃሉና ጆሮ ተሸንፎ «ይሄማ ማይነር ኮርድ ነው» ይላል። 37ቱን 47 አደረገው፤ ሜጀር ሆነ። ያ የድሮ ጌሞች ሙዚቃ እየተንቀጠቀጠ የሚያብለጨልጨው ለካ ለጌጥ አልነበረም፣ ከችግር ነው። በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ኮምፒውተር ሲድ የሚባለው የድምጽ ቺፑ ሦስት ድምጽ ብቻ ነበረው፤ እነ ሮብ ሀባርድና ማርቲን ጋልዌይ የተባሉ የጌም ሙዚቃ ደራሲዎች በነዚያ ሦስት ድምጾች እንዲሁ እየተጠበቡ ነው ስማቸውን ያስጠሩት።

ወደ መድረኩ እንመለስ።

የመጀመሪያው ልጅ ሁለት ጌም ቦይ በገመድ አገናኝቶ ቀረበ፤ አንዷ ስትመራ ሌላዋ በሷ ልክ ትሄዳለች፤ በድምሩ ስምንት ድምጽ። ከኋላው በግድግዳው ላይ ካሬ ካሬ ቀለም ይፈሳል። እኔ ዓይኔን ከጣቶቹ አልነቀልኩም፤ ሐሜቱን ያዙልኝ ብያችሁ የለ? ቁልፍ ተጭኖ ዝም የሚል መስሎኝ ነበራ የቆምኩት። እሱ ግን እያንዳንዱን ድምጽ ለየብቻው ያስገባል፣ ያስወጣል። ቤዙን ሲለቀው ደረቴ ውስጥ ገባ፤ ከዚያች ጡብ ይህ ሁሉ ቤዝ ይወጣል ብሎ ማን ያምናል? ከዚያ ምቱን ዘጋው። ቤዙንም ዘጋው። ዜማው ብቻውን ቀረ። ሕዝቡም ያንን ቃል የሌለውን ዜማ በአፉ ተቀበለው፤ የኛ ሰው ሠርግ ላይ አዝማች እንደሚቀበለው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንደኛዋ ጌም ቦይ ድርቅ አለች። አንዱን ኖታ ይዛ «ኢኢኢኢ» እያለች ቀረች። እኛ ሠርግ ቤት እንዲህ ቢገጥመን የሙሽራው አጎት መድረክ ላይ ይወጣብን ነበር። እዚህ ሰዉ በደስታ ጮኸ! ልጁ እየሳቀ አጠፋትና መልሶ አበራት። ጌም ቦይ ስትበራ ምን እንደምታደርግ የነካት ያውቃል፤ የኒንቴንዶ ስም ከላይ ቀስ ብሎ ይወርድና መሃል ሲደርስ «ቲሪንግ» ይላል። ያቺ ቲሪንግ በዚያ ሁሉ ስፒከር ስትመጣ የተጮኸውን ጩኸት ለአንድም ዘፋኝ ሲጮኽ አልሰማሁም።

ሁሉንም አሞግሳለሁ ማለቴ ግን አይደለም። ሦስተኛው የወጣው ስታርት ተጫነ፣ መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ ወዲያ ሥራው እጁን ወደ ላይ ማውለብለብ ብቻ ሆነ። ይህን ለማየትማ ድልድይ መሻገር አያስፈልገኝም፣ ከኔ ዘመን ሠርግ ቤት ጠግቤ መጥቻለሁ። ሌሎቹም ቢሆኑ ግማሹን ሥራ ቤት ጽፈው እንደሚመጡ አልሸሽጋችሁም። ልዩነቱ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ እኔ እጫነው የነበረው ምት ፋብሪካ የሠራው ነው። እነዚህ አንዲቱን የከበሮ ምት ለማግኘት ድምጹን ከላይ ወደ ታች በቅጽበት አንሸራተው ራሳቸው ይሠሯታል፤ መድረክ ላይ የሚዘጉትና የሚከፍቱት የገዛ እጃቸውን ሥራ ነው።

መድረኩ እስኪዘጋጅ አጠገቤ የቆመ ጎልማሳ ታሪኩን አጫወተኝ። ነገሩ ኒው ዮርክ ላይ የደራው እነ ነልስሊፕና ቢት ሺፍተር የተባሉ ሙዚቀኞች በ2006 ብሊፕ ፌስቲቫልን በጀመሩ ጊዜ ነው፤ እዚያ የተቀረጸ ዘጋቢ ፊልምም አለ። የቴትሪስን ሙዚቃ ለጌም ቦይ ያሰናዳው ጃፓናዊ ሂሮካዙ ታናካም ቺፕ ታናካ በሚል ስም ራሱ መድረክ ላይ ይወጣል። እኔም አላፈርኩም፤ «የኛ ሰው ኃይሉ መርጊያ እዚሁ ዋሽንግተን በ1985 አኮርዲዮኑን ከሙግና ከያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘር ጋር ብቻውን አዋህዶ ካሴት አውጥቷል፤ ኋላም ታክሲ እየነዳ ኖሮ ዓለም ያንኑ ካሴት ፈልጎ አገኘው» አልኩት። ስሙን ስልኩ ላይ ጻፈ።

የኛ ልጅ ተራ ደረሰ።

አንድ ጌም ቦይ ብቻ ይዞ ወጣ። ማንንም ሰላም ሳይል ጀመረ። ሽሽሽ የሚለው ድምጽ ቀድሞ ገባ፤ ሁለት ዙር እንደሄደ ፀጉሬ ቆመ። ችክችካ ነው! እንዴት አድርጎ እንዳስገባው ኋላ ነገረኝ። በዚያ ፕሮግራም አንዱ ገጽ 16 መስመር ነው፤ ለፈረንጅ ምት ተመትሮ የተሰፋ። ችክችካ በ16 አይገባም። ስለዚህ 12ኛው መስመር እንዳለቀ «ኤች» የሚባል ትእዛዝ ይጽፍና የቀሩትን አራቱን ዘልሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሄዳል። አራት ባዶ መስመር በየገጹ ጥሎ ነው የኛን ምት ያገኘው።

ሕዝቡ መጀመሪያ ግራ ገባው። ለአራት ምት የለመደ እግር ሲዘል ምቱ ቀድሞት ይሄዳል፣ ሲጠብቅም ያመልጠዋል። ብቻዬን ማጨብጨብ ጀመርኩ። ከፊቴ የነበሩት ዞረው እጄን አዩ፣ ያዙት፤ ከነሱ ኋላ ያሉትም ያዙት። ዜማው ሲገባ ትዝታ ማይነር ነው፤ የራሱ ድርሰት። ያቺ የአሳንሰሯ ማሪዮ ትከሻዋን ስትሞክር አየሁ። አልሆነላትም፤ ግን ከልቧ ነበር።

ጨርሶ ወደኔ ሲመጣ ላቡን እየጠረገ ነው።

«እንዴት ነበር፣ ጋሼ?»

«ምቱ ሸጋ ነው። ዜማው ግን ሦስተኛዋ ኖታ ላይ አይቀመጥም፣ ቶሎ ጥሏት ይሄዳል። ትዝታ እዚያች ላይ ነው የሚያለቅሰው። ደግሞ ከኖታ ወደ ኖታ መዝለል ምንድን ነው? ማሲንቆ ይዘላል እንዴ? ይንሸራተታል እንጂ።»

«የሚያንሸራትት ትእዛዝ አለኮ።»

«ታዲያ ለማን አስቀመጥከው?»

መኪና ውስጥ ገብተን ገና ቀበቶ ሳላስር ጌም ቦይዋን ከቴፑ ጋር በገመድ አያያዛት። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አጫወተው። ሦስተኛዋ ኖታ ቆየት ብላ ወደ ታች ተንሸራተተች።

«ፈጠነች» አልኩት።

ቁጥሩን ለወጠ።

«አሁንስ?»

«አሁንም ፈጥናለች። አሽከርካሪ ከኋላዋ ክላክስ ያደረገባት ነው የምትመስለው።»

«አንተ ና ጻፈው እንግዲህ!» አለኝና መኪና ማቆሚያ ፈልግ ብሎ ያዘኝ።