ለልጅም ለዶሮም የማያሰጋ ውሻ

ውሻ ለማሳደግ ያሰበ የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኃይለኛ ነው ወይ?" ብሎ ነው፡፡ ቀጥሎ "የፈረንጅ ነው የሐበሻ?" ይላል፡፡ ሁለቱም ጥያቄዎች ሌባን ብቻ በማሰብ የሚቀርቡ ናቸው፡፡ ሌባ ግን በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፡፡ ልጆቹና ዶሮዎቹ ከውሻው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ የሚውሉት በየቀኑ ነው፡፡ ስለዚህ "ይህ ውሻ ግቢ ውስጥ ካሉት ደካሞች ጋር እንዴት ይኖራል?" የሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት ባይ ነኝ፡፡

የተማርኩት ሕግ ነውና እሱን ላስቀድም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፡፡ እንስሳው ድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም፡፡ በቀላል አማርኛ፣ ጥፋት ባይኖርብዎትም ይከፍላሉ ማለት ነው፡፡ "በሩ ላይ ኃይለኛ ውሻ አለ ብዬ ጽፌያለሁ" ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ያጋጥሙኛል፡፡ ፊደል ላልቆጠረ የአራት ዓመት የጎረቤት ልጅ ጽሑፉ ምን ይነግረዋል? በእርግጥ ባለቤቱ እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነት የሚወጣበት መንገድ ሕጉ ውስጥ አለ፡፡ ባለቤቱ ራሱ ወይም እሱ ኃላፊ የሚሆንለት ሰው አጥፍቶ ከሆነ ግን ይህ መንገድ ይዘጋል፡፡ (ልጇ የተነከሰባት እናት የነከሰውን ውሻ በገመድ ይዛ ወደ ቤቷ ስትገባ ለማሰብ ሞክሬ አልሆነልኝም፡፡)

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ፡፡ ዘር ምንም ማለት አይደለም የሚሉ አሉ፤ አልስማማም፡፡ እያንዳንዱ ዘር ለአንድ ሥራ ተብሎ ሲመረጥ የኖረ ነው፡፡ ቴሪየር የሚባሉት አይጥና ቀበሮ ከጉድጓድ እንዲያወጡ የተራቡ ናቸው፡፡ ትንሽ ስለሆኑ ለልጅ ይመቻሉ ተብለው ይገዛሉ፤ ለዶሮ ግን ከትልልቆቹ የባሱ ሊሆኑ ይችላሉ፡፡ እንደ ግሬይሀውንድ ያሉት ቀጫጭን ሯጮች የሚሮጥ ነገር በዓይናቸው አይተው እንዲያባርሩ የተፈጠሩ ያህል ናቸው፡፡ በእኛ ከተማ የሚወደደው ጀርመን ሼፐርድ የወጣው ከበግ ነጂ ውሾች ነው፡፡ ብልህና ታዛዥ ነው፤ ሆኖም የሚሮጠውን ተከትሎ የማባረር ልማድ በደሙ አለ፡፡ እየጮሁ የሚሯሯጡ ሕፃናት ባሉበት ግቢ ይህ መዘንጋት የለበትም፡፡

በሌላ በኩል ከመንጋ ጋር አድረው መንጋውን ከአውሬ እንዲጠብቁ የተራቡ አሉ፡፡ የጣሊያኑ ማሬማና የቱርኩ ካንጋል ከእነዚህ ናቸው፡፡ ማሬማን በሚመለከት አውስትራሊያ ውስጥ የሆነው ደስ ይላል፡፡ ዋርናምቡል በምትባል ከተማ አጠገብ ባለች ትንሽ ደሴት በመቶዎች ይቆጠሩ የነበሩ ፔንግዊኖች በቀበሮ ተበልተው በ2005 እ.ኤ.አ. ከ10 በታች ቀርተው ነበር፡፡ ዶሮዎቹን በማሬማ የሚያስጠብቅ አንድ የአካባቢው አርቢ የዶሮ ጠባቂ ውሻ ፔንግዊንም ይጠብቃል የሚል ሐሳብ አቀረበ፡፡ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሾቹ ደሴቷ ላይ ተሰማሩ፤ ፔንግዊኖቹም መልሰው በረከቱ፡፡ ነገር ግን ማሬማ እንኳ ይህን የሚያደርገው ከቡችላነቱ ጀምሮ ከሚጠብቃቸው እንስሳት ጋር ሲያድግና ሲለማመድ ነው፡፡ ዘሩ መነሻ ይሰጣል፤ ቀሪው አስተዳደግ ነው፡፡

እዚህ አገር "የፈረንጅ" ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ቡችላ የዘር ሐረጉ የሚታወቀው በሻጩ አፍ ነው፡፡ ለዚህ ስም ብዙ ገንዘብ ከመክፈል እናቱን ማየት ይሻላል፡፡ እናቲቱ እንግዳ ሰው ሲገባ ትሸሻለች? ጥርሷን ታሳያለች? ወይስ ጮሃ አሽትታ ትረጋጋለች? ፈሪ እናት ፈሪ ቡችሎች ታሳድጋለች፤ ልጅ የሚነክሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደፋሩ ሳይሆን ፈሪው ውሻ ነው፡፡ በመንደራችን ያለው የሐበሻ ውሻም በዚህ መንገድ ከተመረጠ ከማንም አያንስም፡፡ በየሰፈሩ ዶሮና ሕፃን መሐል ተኝቶ የሚውለው እሱ አይደለም እንዴ?

ዕድሜው ከዘሩ በላይ ያሳስበኛል፡፡ ቡችላ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ መለየት የለበትም፡፡ ከወንድምና እህቶቹ ጋር ሲጫወት ነው ንክሻውን መመጠን የሚማረው፡፡ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ባለው ጊዜ ደግሞ ያያቸውን፣ የሰማቸውንና ያሸተታቸውን ነገሮች የዓለሙ አካል አድርጎ ይቀበላል፡፡ በእነዚህ ሳምንታት ሕፃን ሲያለቅስ የሰማ፣ ዶሮ ስትጭር አጠገቧ የተኛ ቡችላ በኋላ አይደነቅም፡፡ ጫጩት ያላት እናት ዶሮ አፍንጫውን አንድ ሁለቴ ብትጠቁመው ደግሞ ከእኔ የተሻለ አስተማሪ ናት፡፡

ያደገ ውሻ የሚያመጣ ሰው ከመቀበሉ በፊት ውሻውን በገመድ ይዞ ዶሮዎቹን ከሽቦ ወዲያ ያሳየው፡፡ አሽትቶ ፊቱን የሚያዞር ተስፋ አለው፡፡ አፉን ገጥሞ፣ ሰውነቱን አድርቆ፣ ዓይኑን ሳይነቅል የሚያፈጥና ስሙ ሲጠራ የማይሰማ ከሆነ ወደ ሌላ ውሻ ማለፍ ነው፡፡ ተስፋ ያለውንም ቢሆን ከበላ በኋላ በቀን ጥቂት ደቂቃ ከሽቦ ወዲህ እያቆሙ፣ ዓይኑን ከዶሮዎቹ ባነሳ ቁጥር ቁራሽ እየሰጡ ለሳምንታት ማለማመድ ያስፈልጋል፡፡ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሰው በሌለበት ከዶሮ ጋር አይተዉት፡፡ ወጣት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ዶሮ የሚገድለው ርቦት ሳይሆን ሲጫወት ነው፡፡

የእኛ በዓል ለዚህ ትምህርት አይመችም፡፡ ለፋሲካ የተገዛች ዶሮ እግሯ ታስሮ ግቢ ውስጥ ትጣላለች፤ ትንፈራገጣለች፤ ትጮኻለች፡፡ ከዚያ ዓይኑ ሥር ትታረድና ላባ ያለበት ጭንቅላቷና አንጀቷ ይወረወርለታል፡፡ ከዚህ በኋላ "ዶሮ አትንካ" ማለት ግራ ማጋባት ነው፡፡ የበዓሏን ዶሮ ከውሻው ዓይን ውጪ ማቆየት፣ ትራፊውንም ቀቅሎ መስጠት ከባድ አይደለም፡፡ የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ጥሬውን መወርወርም በውሻው ዓይነ ምድር በኩል ለሰው የሚተርፍ የትል በሽታ ያመጣል፤ ልጆች ደግሞ እጃቸውን ሳይታጠቡ ይበላሉ፡፡

ወደ ልጆቹ ስንመጣ፣ ሕፃናትን የሚነክሰው በአብዛኛው የሚያውቁት ውሻ ነው፤ የራሳቸው ወይም የጎረቤት፡፡ ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ቡችሎቿን ስታጠባ አይነካም፤ ይህን ልጅ ሁሉ ሊማር ይገባል፡፡ ትንሽ ልጅ ግን ትምህርቱን ይረሳልና ከውሻ ጋር ብቻውን አይተውም፤ ውሻው የቱንም ያህል ገራም ይሁን፡፡ "የሚጮኽ ውሻ አይናከስም" የሚለውን አባባል በማስረጃነት የሚቀበል ፍርድ ቤት አላውቅም፡፡ ውሻ ጥርሱን እያሳየ ሲያጉረመርም መምታትም ስህተት ነው፡፡ ማስጠንቀቂያውን ካስተዉት በቀጥታ ወደ መንከስ ይሄዳል፡፡ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት አስሮ ሌሊት መልቀቅ የተለመደ ነው፤ መሸሽ የማይችል ውሻ የቀረበውን ልጅ በጥርሱ ከመመለስ ሌላ ምርጫ የለውም፡፡ ከሰንሰለት ይልቅ አጥር ያለው ማዕዘን ይሥሩለት፡፡

የቱም ውሻ ይመረጥ፣ ክትባት የሌለው ውሻ ለልጅ ደህና ነው ሊባል አይችልም፡፡ ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው፡፡ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል፡፡ ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል፤ ከዚያም በየዓመቱ፡፡ ልጅ ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠባል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው፡፡ ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ሲመላለሱ ቀን ማባከን ሕይወት ያስከፍላል፡፡ የእኔ ትውልድ ሆድ ላይ በተከታታይ ቀናት የሚወጋውን መርፌ ያስታውሳልና ብዙዎች እሱን ፈርተው ይዘገያሉ፡፡ ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው፡፡ የነከሰውን ውሻ በንዴት መግደልም አይጠቅምም፤ ዘግቶ ለ10 ቀን ማየት ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ይሰጣል፡፡

ከሻጩ ጋር አንዲት ገጽ ውል መጻፍም ይጠቅማል፡፡ የተወለደበት ቀን፣ የተከተበበት ቀንና የእንስሳት ሐኪሙ ወረቀት፣ ከዚህ በፊት ሰው ወይም ዶሮ ነክሶ እንደሆነ የሻጩ መግለጫ፣ በስንት ቀን ውስጥ ሊመለስ እንደሚችል ይስፈርበት፡፡ ግቢው የጋራ ከሆነ ደግሞ ተከራዮቹ ውሻው ከመምጣቱ በፊት ይወቁ፤ ዶሮዋ የምትበላው የእነሱም ሊሆን ይችላልና፡፡