ሲኒውና ቅጠሉ

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ መንገደኛ ጎጀብን ሳይሻገር ካፋ አይገባም። ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው አፈ ታሪክ ከሆነ፣ የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው ይህን ወንዝ ሲሻገሩ የወርቅ ቀለበታቸውን ከጣታቸው አውልቀው ወደ ውኃው ወረወሩት፤ ከእንግዲህ በካፋ ንጉሥ አይነግሥም ሲሉ። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ድልድዩን የተሻገርኩት ይህንኑ ታሪክ በልቤ ይዤ ነው።

ቦንጋ እንደ ደረስኩ ላገኘሁት ሰው ሁሉ የማቀርባት አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ፤ «ባህል ማለት ምን ማለት ነው?» የምትል። ሻይ ቤት ያገኘሁት ወጣት የጫካ ቡናውንና ማሩን ጠቀሰልኝ። አንድ መምህር ስለ ታቶዎቹና ሚክረቾ ስለሚባሉት የንጉሡ አማካሪዎች አጫወተኝ። ወላጆቿ ከሰሜን የመጡ ነጋዴ ደግሞ «ማሽቃሬ ባሮ ሲከበር መጥተህ ብታይ!» አለችኝ፤ የካፋን ዘመን መለወጫ ማለቷ ነው። መልሶቹ ሁሉ ደስ የሚያሰኙ ነበሩ። ሁሉም ግን ባህልን ለእንግዳ የሚወጣ የክት ልብስ አስመሰሉት።

የዘወትሩን ልብስ ያየሁት ከከተማው ወጣ ባለች መንደር፣ አንዲት እናት ቤት ነው። ቡናው ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ እየተጨዋወትን ሳለ አንድ ጎልማሳ እንጨት ተሸክሞ መጣ። እንጨቱን አወረደና ከደጅ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቆጮውን በኮባ ቅጠል አድርገው አወጡለት፤ ቡናውንም አጥሩ ላይ ከተሰቀለ፣ ጠርዙ ከተሸረፈ ሲኒ ቀድተው ሰጡት። «እማማ፣ ለምን አይገባም?» አልኳቸው። «እሱ እኮ ማንጆ ነው ልጄ» አሉኝ። «ባህላችን ነው።»

ስጠይቅ የሰነበትኩት ቃል በዚህ አኳኋን ተመለሰልኝ።

ማንጆዎች የሚናገሩት ቋንቋ እንደ ሌላው የካፋ ሰው ካፊ ኖኖ ነው። ልዩነትን በቋንቋ ብቻ ለሚቆጥር ሰው አይታዩም። በካፋ መንግሥት ዘመን አዳኞች ነበሩ፤ አገሪቱን በከበባት የመከላከያ ቦይ ላይ የነበሩትን በሮችም ይጠብቁ ነበር። «ማንጄ ታቶ» የሚባል የራሳቸው አለቃም ነበራቸው። መንግሥቱ ያለ እነርሱ በሩን መዝጋት አይችልም ነበር፤ እነርሱ ግን ከሌላው ሰው ቤት በር ማለፍ አይችሉም ነበር። ከሌላው ጋር ማዕድ አይቆርሱም፤ አይጋቡም። ምክንያቱ ሲጠየቅ «የከርከሮና የጉሬዛ ሥጋ ስለሚበሉ» ይባላል። ይሁንና ብዙዎቹ ክርስትና ተቀብለው ያንን ሥጋ ትተዋል። ሥጋው ቀረ፤ ሲኒው ግን ከአጥሩ አልወረደም። ስሙ ራሱ እንደ ስድብ ሆኖባቸው «እኛም ካፋ ነን» የሚሉ አሉ።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ለጭሰኛው ሁሉ መሬት ሰጠ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው አለ። በትምህርት ቤትም ልጆቹ አንድ ወንበር ይጋራሉ። አዋጅ ግን እማማ ቤት ገብቶ ሲኒ አይቀይርም። ቅሬታው ሲብላላ ኖሮ በ1994 ዓ.ም. በዴቻ ወረዳ ሰው እስከ መሞት ወዳደረሰ ግጭት አመራ።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ካፋ ራሷ መናቅን የምታውቅ መሆኗ ነው። በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር አገሪቱን ወጋ፤ ንጉሡም በ1890 መባቻ ተያዙ። ከዚያ በኋላ ስንቱ ለባርነት ተነዳ፤ ስንቱ መንደር ጫካ ዋጠው። ስሟን እንኳ እኛ እንደ ቀለለን «ከፋ» እያልን ስንጽፍ ኖርን፤ ባለቤቶቹ «ካፋ» ይሏታል። ደግነትን ለሚጠራ አገር «ከፋ» የሚል ስም ሰጥቶ ዘመን መቁጠር ትንሽ ነገር ነውን? የተናቀ ሰው ግን መናቅን ይማራል እንጂ ሁልጊዜ አይተወውም።

አንባቢ ሆይ፣ «ይህ የካፋ ነገር ነው» ብለህ እንዳታልፍ። በሰሜኑም ማረሻ የሚሠራልን ቀጥቃጭ፣ ምጣድ የምትሠራልን ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» ሲባሉ ኖረዋል። አጼ ምኒልክ ባለሙያን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ስድቡ ስለ በዛ ነው። የዚያ አዋጅ ዕድሜ ከመቶ ዓመት አልፏል፤ ስድቡ ግን ዛሬም ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር ብቅ ይላል።

ካፋ ዛሬ በስሟ የምትጠራ ዞን ናት። ደኗ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በ2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም ቦንጋ ከዋና ከተሞቹ አንዷ ሆናለች። በየበዓሉ መድረክ ስለ ብዝኅነት ብዙ ይነገራል፤ ይነገርም። ተራው ሰው ግን ብዝኅነትን የሚያውቀው በመድረክ አይደለም። ማን ከደጅ ይቀመጣል፣ ማን ይገባል፣ ማን በየትኛው ሲኒ ይጠጣል፤ የሚያውቀው በዚህ ነው። እማማ አልዋሹኝም። ልማድም ባህል ነው። ነገር ግን ባህልን ሰው ሠራው፤ ሰውም ይለውጠዋል።

ያን ቀን ሰውዬው ቡናውን ጨርሶ ሲኒውን ራሱ አለቀለቀና መልሶ አጥሩ ላይ ሰቀለው። እኔ ከውስጥ ሆኜ አየሁት። እማማ «ሁለተኛውን ልጄ» ብለው ንጹሑን ሲኒ ሲያቀብሉኝ አመስግኜ ተቀበልኩና ጠጣሁ። «እርሱም ይግባ» አላልኩም። ስለ ባህል ልጠይቅ የሄድኩት ሰውዬ፣ ለባህሉ አንድ ቀን ዕድሜ ጨመርኩለት።